ደብሮኛል ብል ማን ይሰማኛል

ስልኬ ላይ የማየው አንድ ሰውዬ ነበር። ሁልጊዜ የተተኮሰ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ ከኋላው አረንጓዴ ዛፍ ደርድሮ፣ ለስለስ ባለ ድምፅ ይመክራል። «ጠዋት እንደተነሳችሁ ውኃ ጠጡ። በረጅሙ ተንፍሱ። ወጣ ብላችሁ ተፈጥሮ ውስጥ ተራመዱ። አእምሯችሁ ይታደሳል።»

አቦ ይሄ ሰውዬ ጅግጅጋን አያውቃትም። እኛ ሰፈር ውኃ የሚመጣው በአህያ ጋሪ ነው፤ አህያዋ ካኮረፈች ውኃ የለም። በረጅሙ ተንፍስ ይለኛል፤ በረጅሙ ብተነፍስ የምስበው አቧራ ነው። የኛ ከተማ ነፋስ ጠዋት ተነስቶ እስኪመሽ ሥራ የማይፈታ ብቸኛው ፍጥረት ነው። ተፈጥሮ ደግሞ ሜዳ ነው። ወደ ምሥራቅ ብትሄድ ሜዳ፣ ሜዳው ላይ የተበተነ ፌስታል፣ ፌስታሉን የሚያኝክ ፍየል። እዛ ውስጥ ተራምጄ ምኔን ነው የማድሰው?

ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ እየተሳደብኩም ቢሆን እሰማው ነበር። ስለ እንደዚህ ዓይነት ነገር የሚያወራ ሌላ ሰው አላውቅማ።

ያኔ ከጅግጅጋ ቶጎጫሌ በሚሠራ ሚኒባስ ላይ ረዳት ነበርኩ። ቶጎጫሌ ከሱማሌላንድ ጋር የምንዋሰንባት ከተማ ናት፤ ሱማሌዎቹ ወጃሌ ይሏታል፣ እኔም የምጠራው «ወጃሌ ወጃሌ ወጃሌ!» እያልኩ ነው። መኪናው ከሞላ በኋላ ለረዳት ቦታ የለም። በሩን ከፍቼ፣ አንድ እግሬን ውስጥ፣ አንዱን ደጅ አድርጌ፣ በአንድ እጄ ጣሪያውን ይዤ እንጠለጠላለሁ። ሁሉም ረዳት እንደዛ ነው የሚሄደው፣ ማንም ጀግና አይለውም።

አንድ ቀን ከከተማ ወጥተን አስፋልቱ ቀጥ ሲል፣ እጄን አየሁት። ብለቀውስ? አልኩ። ሰው መንገድ ሲሄድ ሱቅ አይቶ «ልግባ እንዴ?» እንደሚለው ዓይነት ነው የመጣልኝ። አልተናደድኩም፣ አላለቀስኩም። ያስፈራኝም እሱ ነው። ተናዳጅ ሰው ነኝ፤ ንዴቴን አውቀዋለሁ፣ አብረን ነው ያደግነው። ይሄኛው ግን ንዴት የለውም። ቀዝቀዝ ብሎ «ብትለቀው እኮ ታርፋለህ» ይለኛል። በማግስቱም መጣ። ከዛ በኋላማ መንገድ ዳር ቆሞ እየጠበቀ የሚሳፈር ደንበኛ ሆነ።

ከየት መጣ ብትሉኝ አላውቅም። ቅድመ አያቴ ወታደር ሆኖ መጥቶ እዚሁ ቀረ፤ ከዛ ወዲህ እኛ ቤት ሌላ አገር አናውቅም። ከአባቴ የቀረችን አንዲት ሱቅ ነበረች፣ ከተማው በተረበሸበት ክረምት ተቃጠለች። አስረኛ ክፍል ላይ ነበርኩ፣ ተመልሼ አልገባሁም። እናቴ መሬት ላይ ሸራ አንጥፋ ሰልባጅ ልብስ መሸጥ ጀመረች፣ እኔ መኪና ላይ ወጣሁ። የመጣው ሰው ሁሉ «ዋናው ነገር ነፍሳችሁ ተርፏል» አለን። ተርፏል። የተረፈውን ምን እንደምናደርገው ግን የነገረን የለም።

ደግሞ እኛ ከተማ «ደህና አይደለሁም» የሚባልበት ቦታ የለም። ጠዋት እናቴ «ደህና አደርክ?» ስትል መልሱ «እግዚአብሔር ይመስገን» ነው። መናኸሪያ ስደርስ ሱማሌዎቹ «ነበድ ሚያ?» ይላሉ፣ ሰላም ነው ወይ ማለት ነው። መልሱ «ነበድ» ነው፣ ሰላም። ከቀብር እየተመለስክ ራሱ ነበድ ነው። በሁለት ቋንቋ ዋሽቼ ነበር ቀኔን የምጀምረው።

ለጓደኞቼ ሞክሬያለሁ። አንድ ቀን ከሰዓት በርጫ ላይ ጫታችንን ይዘን ተቀምጠን፣ ጨዋታው ደርቶ ድንገት ጸጥ ሲል፣ «እኔ ግን በጣም ደብሮኛል» አልኩ።

«ማንን ያልደበረው አለ?» አለ አንዱ።

«ፊልም ክፈቱለት!»

«ፊልም ምን ያደርግለታል? ሚስት ፈልጉለት!»

ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፣ ምን ላድርግ። ይሄ ቃል ድሮ ክብደት የነበረው ይመስለኛል። አሁን ኳስ ስንሸነፍ ደበረኝ፣ መብራት ሲጠፋ ደበረኝ፣ ሽሮው ሲቀጥን ደበረኝ። ሰው መኖር ሲያቅተውም ያለው ያው ቃል ነው። አፌ ላይ ሌላ ቃል አልነበረኝም።

አንድ ጠዋት መኪናው ጋራዥ ገብቶ ሥራ ስላልነበረ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ያየችኝ ሲስተር ሱማሌ ናት፣ በዕድሜ ብትበልጠኝ ትንሽ ነው። አማርኛዋ የቢሮ አማርኛ ነው፣ ጥንቅቅ ያለ፤ ከኔ ይሻላል። ምንህን ነው ስትለኝ «ራሴን» አልኳት።

«ራስህን ብቻ ነው?»

«አይ... ደብሮኛል ደግሞ።»

ቀና ሳትል ሳቀች። «ጅግጅጋ ማንን አይደብርም ወንድሜ? ወጣ ብለህ ትንሽ ተዝናና።» የራስ ምታት መድኃኒት ጻፈችልኝ።

ወረቀቱን ተቀብዬ ተነሳሁ። በሩ ጋ ስደርስ ደሜ ፈላ። ሰው ይሄን ሁሉ ጊዜ አፉን ዘግቶ ኖሮ፣ አንድ ቀን ሲከፍተው ተዝናና ይባላል? ዞርኩና በመኪና ላይ ሱማልኛዬ፣ በዛ ከሒሳብና ከስድብ ሌላ ብዙም በማያውቀው ሱማልኛ፣ «ኖሎሻ ዋን ከዳለይ» አልኳት። መኖር ደክሞኛል ነው። «ዋን ዳለይ» ሹፌሮቹ ከመንገድ ሲገቡ የሚሉት ነው፣ ደከመኝ ማለት። መኖር የሚለውን የጨመርኩበት ራሴ ነኝ።

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ፊቷ ሌላ ሆነ።

«በሩን ዝጋውና ና ቁጭ በል።»

በገዛ ቋንቋዬ ስናገር ቀልድ፣ በሰው ቋንቋ ስናገር በሽታ ሆነልኝ። ቁጭ አልኩ። ራስህን ልትጎዳ አስበህ ታውቃለህ ወይ ብላ ፊት ለፊት ጠየቀችኝ፣ ሙቀት አለህ ወይ እንደምትል። ስለ እጄ ነገርኳት። አልጮኸችም። ጅኒ ነው አላለችም። ጸሎት አድርግ አላለችም።

«መጀመሪያ በሩ ላይ መንጠልጠል ታቆማለህ» አለች።

«ሲስተር፣ ሥራዬ እኮ ነው።»

«ለሹፌሩ ንገረው። ውስጥ ቁጭ ብለህ ሥራ።»

ለዚህ ነገር የሚያይ ሐኪም ሆስፒታል እንዳለ፣ እሷ እንደምትልከኝ፣ ተራው ግን እንደሚቆይ ነገረችኝ። «የባሰብህ ቀን ተራ አትጠብቅ፣ በቀጥታ ወደኔ ና። እስከዛ ደግሞ የምትይዘው ነገር ልስጥህ።»

«ኪኒን?»

«ኪኒን አይደለም። ሥራ ኖረም አልኖረም በአንድ ሰዓት ተነስ፣ ወጥተህ ፀሐይ ይንካህ። ሳትበላ አትዋል። ጫቱን ተወው፤ እንቅልፍህን የሚበላው እሱ ነው። ደግሞ በየቀኑ ለአንድ ሰው እውነቱን ተናገር። እንዴት ነህ ሲልህ ያለህበትን ንገረው።»

«ይሄንማ ስልኬ ላይ ያለው ሰውዬም ይለኛል፣ በነፃ።»

«እኔስ አስከፈልኩህ?»

እዚህ ጋ አሸነፈችኝ። ግን አልለቀቅኳትም። «እሺ፣ ካልቃምኩ ከሰዓት ምን ልሥራ?»

መልሳ እስክሪብቶዋን አነሳች። የከተማው ልጅ ናት፣ መልስ እንደሌለው ታውቃለች። ስድስት ሰዓት ሲሆን የአወዳይ ጫት የጫኑ መኪኖች እየጮሁ ይገባሉ፣ ከዛ ጅግጅጋ ትዘጋለች። ሱቁ ይዘጋል፣ ቢሮው ይዘጋል፣ ሰው በየቤቱ ገብቶ ይቀመጣል። የማይቅም ሰው በዛ ሰዓት መንገድ ላይ ብቻውን ከነፋሱ ጋር ነው።

ጀመርኩት። ለምን እንደጀመርኩት አትጠይቁኝ፤ በሩን ዝጋው ስላለችኝ ይሆናል። ጠዋት ተነስቼ ግድግዳ ተደግፌ ፀሐይ እሞቃለሁ፣ እንደ እንሽላሊት። መናኸሪያው ጋ ላሁህ፣ የሱማሌዎቹን ስስ እንጀራ፣ የምትሸጥ ሴት አለች፣ ከሷ ትኩሱን በሻይ እበላለሁ። ጫቱን ስተው ግን ዱካክ መጣብኝ። የማታውቁት እግዚአብሔር ይጠብቃችሁ፤ ሰው ጫት ሲያቆም በእንቅልፉ መጥቶ ደረቱ ላይ የሚቀመጥ ነገር ነው። ዓይኔን ስከድን ይጭነኛል፣ ስነቃ አልቤ ነው የምነቃው። መኪና ላይ ደግሞ ሹፌሩ ጉንጩን ወጥሮ እያየኝ ይስቃል።

«ወሪያ! ሼኽ ሆንክ እንዴ?» ወሪያ ማለት አንተ ልጅ እንደማለት ነው፣ እኔ ሌላ ስም ያለኝ አይመስለውም።

«አይ አዴር፣ ሆዴን አሞኝ ነው።» አዴር አጎቴ ማለት ነው፤ በዕድሜ የሚበልጥህን ሰው እንደዛ ነው የምትለው።

ይኸውላችሁ፣ እውነት ተናገር የተባልኩት እኔ ነኝ። በሩም ላይ እንደተንጠለጠልኩ ነኝ። ያ ደንበኛም ይሳፈራል። ምግቡ ምን እንደረዳኝ ልናገር ካላችሁ፣ የበላሁ ቀን ድምፁ ከሩቅ ነው የሚመጣው። ያልበላሁ ቀን ጆሮዬ ሥር ነው። በቃ ይሄው ነው ልዩነቱ፤ ግን ልዩነት ነው።

አንድ ጠዋት ምንም ሳልተኛ፣ ምንም ሳልበላ መናኸሪያ ደረስኩ። መኪናው ሊሞላ ትንሽ ቀርቶታል። ተራ አስከባሪው እንደሁልጊዜው በአጠገቤ ሲያልፍ «ወሪያ፣ ነበድ ሚያ?» አለኝ።

የሲስተሯ ነገር ትዝ አለኝ። ለአንድ ሰው። ዛሬ ይሁና አልኩ።

«ነበድ ማሃ።»

ሰላም አይደለም ማለት ነው። ሰውዬው ቆመ። «ማሃ?»

«ማሃ!» አልኩ ረገጥ አድርጌ። ደስ ብሎኝ ነበር፣ ይታያችሁ። ምን ሆንክ ይለኛል ብዬ እየጠበቅኩ ነው።

አላለኝም። ዞሮ በስተኋላችን ላለው ሹፌር በሱማልኛ ጮኸ። ያ ሹፌር ሞተሩን አጠፋ። እኔ ጅሉ የረሳሁት ምን መሰላችሁ፤ በዛ መንገድ ላይ ረዳት «ሰላም የለም» ካለ ስለ ልቡ የሚያወራ ሰው የለም። መንገዱ ነው። መንገዱ ላይ ተኩስ አለ፣ ሰው ተጣልቷል፣ አትሂዱ ማለት ነው።

ከኋላ ወንበር ልጅ ያቀፈች ሴት ተነሳች። «ምን አለ?»

«መንገዱ ሰላም አይደለም አለ፣ ረዳቱ።»

ከዛማ ማን ያስቁመው! ሰው በመስኮት ይወርዳል፣ ጣሪያ ላይ የተጫነ ዕቃ ይወረወራል፣ ሁሉም ስልኩን አውጥቶ ወጃሌ ይደውላል። አንዱ ተኩሱን ራሱ ሰምቻለሁ አለ። ሌላው ኬላው ጋ ነው አለ። ሌላው የሞቱትን ያውቃቸዋል። እኔ አፌን ከፍቼ የገዛ ሆዴ መናኸሪያውን ሲዞር አያለሁ።

ሹፌሩ ሻዩን ከነብርጭቆው ይዞ እየሮጠ መጣ። «ማነው ያለው?»

ሁሉም በጣቱ እኔን አሳየው።

«የት ነው? ኬላው ጋ ነው?»

«የትም አይደለም አዴር።»

«ነበድ ማሃ አላልክም?»

«ብያለሁ። ሰላም ያልሆንኩት እኔ ነኝ። መንገዱ ሰላም ነው።»

ከዛ አንዱ ሳቀ፣ አንዱ ተፋ። ልጅ ያቀፈችው ሴትዮ ደረቴን በጣቷ እየወጋች «ባንተ ሆድ ነው እንዴ እኔ ልጄን ይዤ በመስኮት የዘለልኩት? አንተ ባለጌ!» አለችኝ። እውነቷን ነው። እዚህ ከተማ ውስጥ መሮጥ የምናውቅ ሰዎች ነን፤ ለምን እንደምንሮጥ እስኪጣራ አንጠብቅም። ሱቃችን የተቃጠለ ጊዜ ጠብቀን ቢሆን ኖሮ እኔም አሁን አላወራም ነበር።

ሹፌሩ ክንዴን ይዞ ከመኪናው ኋላ ወሰደኝ።

«ቡፊስ ይዞሃል አንተ!» አለኝ። ቡፊስ አውበሬ ካምፕ ያሉት ስደተኞች የሚሉት ነው፤ ሰው ውጭ አገር መሄድ ሲያምረው ልቡ ቀድሞ ሄዶ ሬሳው ብቻ እዚህ ሲቀመጥ። «የት አገር ነው የምትፈልገው? ካናዳ ነው?»

«የትም።»

«የትም ለሚባል አገር ቪዛ የለም ወሪያ።»

«እሱን እኮ ነው የምልህ አዴር።»

ያኔ ነው በደንብ ያየኝ። ከዚህ በላይ ምን ልዋረድ ብዬ ስለ እጄ ነገርኩት። የቀረችውን ሻይ ጨለጣት። ብርጭቆውን ምን ላይ እንደሚያስቀምጠው ጠፍቶት መሬት ላይ አስቀመጠው።

«እኔ በመስታወት እያየሁህ?»

«እያየኸኝ።»

«ወላሂ ዛሬ አትወጣም።»

«ነገስ?»

«ነገም አትወጣም። ከኔ በር ላይ ሰው ወድቆ አላይም።»

«ውስጥ ልቀመጥና ልሥራ!»

«ውስጥ የሚቀመጠው ተሳፋሪ ነው።» ትከሻዬን መታ አደረገኝና ሄደ። ሰው መልሰው ጫኑ፣ ሌላ ረዳት በሩ ላይ ዘለለ፣ መኪናው ሄደ።

መናኸሪያው መሀል ቆሜ ሁሉንም ሰደብኩ። ሹፌሩን ሰደብኩ፣ ሲስተሯን ሰደብኩ፣ ባለ ነጭ ሸሚዙን ሰውዬ ከነዛፉ ሰደብኩ። እውነት ተናገር ይሉሃል። ተናገርኩ፣ እንጀራዬን በላው። ስዋሽ ሥራ ነበረኝ። ጠዋት ተነስ ይሉሃል፣ የምነሳበትን ነገር ወሰዱብኝ። ደግሞ ደንበኛዬ ሚኒባስ እንደማያስፈልገው ያወቅኩት ያኔ ነው። እዛው እንደቆምኩ መጣ። «አየህ?» አለኝ። እጄ ምንም አልያዘም፣ እሱ ግን መጣ።

ጤና ጣቢያ ልሂድ አልኩ፣ አፈርኩ። እግሬ ገበያ ወሰደኝ።

እናቴ ሸራዋ ላይ ቁጭ ብላ ሸሚዝ ታጥፋለች። ሳታየኝ ነው በድምፄ ያወቀችኝ።

«ምነው በዚህ ሰዓት?»

«አባረረኝ።»

«ምን አድርገህ? ተሳድበህ ነው አይደል? ይሄ ምላስህ...»

«ደህና አይደለሁም ብዬ ነው።»

«ጫቱ ነው እንዲህ የሚያደርግህ። ስንት ጊዜ ነገርኩህ።»

«ጫቱን ከተውኩ ቆየሁ እኮ እማዬ።»

ቀና አለች። አላወቀችም ነበር። ከሰዓት የት እንደምውል ጠይቃኝ አታውቅም፣ እኔም ነግሬያት አላውቅም። «ታዲያ ምንድነው?» አለች።

ደብሮኛል ልል ነበር፣ ዋጥኩት። ለሷ ሱማልኛ መናገር አልችል፤ ከሷ ጋር ያለኝ አማርኛ ብቻ ነው። ስለዚህ ቃል ሳልፈልግ ነገሩን እንዳለ ነገርኳት። በሩን፣ አስፋልቱን፣ «ብትለቀው ታርፋለህ» የሚለኝን፣ ጤና ጣቢያ ሲስተሯ ያለችኝን። አሁን መናኸሪያ ቆሜ ሳለሁም እንደመጣ። አንድ ሰውዬ መሀል ገብቶ ሱሪ አንስቶ ወገቡ ላይ ይለካል። እናቴ የሸሚዜን እጅጌ ጨምድዳ ይዛ፣ ለሰውዬው «አይሆንህም፣ ጠባብ ነው፣ ሂድ» አለችው። እናቴ ደንበኛ ስታባርር ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

«ለኔ ደህና ነኝ የምትለው ታዲያ ለምንድነው?» አለችኝ። ተቆጥታ ነው። «ጠዋት ጠዋት የምጠይቅህ ለጨዋታ ይመስልሃል?»

«ምን ታደርጊያለሽ ብነግርሽ?»

ጠበል ልውሰድህ እንዳትል ፈራሁ፣ እንድትልም ፈለግኩ፤ ቢያንስ አንድ ሰው መድኃኒቱን አውቃለሁ ይበለኝ። አላለችም። «ሲስተሯ የት ነው ያለችው?» አለች ብቻ። ሸራውን ከነልብሱ ጠቅልላ ለጎረቤቷ አደራ ሰጠችና፣ እጅጌዬን ሳትለቅ፣ በገበያው መሀል ወሰደችኝ። ሰው ያየናል። የሰረቅኩ ነው የሚመስለው።

ድኛለሁ ልላችሁ አይደለም። ተራው ደርሶ ሐኪሙ አይቶኛል፣ ኪኒን ሰጥቶኛል፣ አፍ ያደርቃል። አሁንም ይመጣብኛል። ጠዋት እነሳለሁ፣ ፀሐዩን እሞቃለሁ፣ የማልፈልገውን ላሁህ እበላለሁ። ማንም ታደስክ ያለኝ የለም። ሹፌሩ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ነበድ ሚያ ማለት ትቷል፣ ፈርቶኝ መሰለኝ። በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «ወሪያ፣ በላህ?» ይለኛል። «በላሁ» እላለሁ። ካልበላሁ «አልበላሁም» እላለሁ፣ ይሰድበኛል።

ያ ሲስተሯ መልስ ያጣችለት ከሰዓት አሁን እናቴ ጋ ነው። የጫት መኪኖቹ ጮኸው ሲገቡ ገበያው ባዶ ይሆናል። እኔና እሷ፣ ነፋሱና የፈረንጅ ልብስ ብቻ እንቀራለን። ልብስ ማጠፍ እጠላለሁ። የማላውቀው ሰው ለብሶ የጣለውን ኮት ሳጣጥፍ እበሳጫለሁ፤ እሷ ደግሞ አጣጠፌን አትወደውም፣ ፈታ እንደገና ታጥፈዋለች። ትላንት እንዲሁ ስንጨቃጨቅ፣ ድንገት ዝም ስል፣ ገባት።

«መጣብህ?»

«መጣ።»

«ብዙ ነው?»

«ብዙ ነው እማዬ።»

ወደኔ ጠጋ አለች። ከዛ ከክምሩ ውስጥ አንድ ጃኬት ጎትታ ጭኔ ላይ ጣለችው።

«ይሄን አራግፈው፣ አቧራ በልቶታል። እኔ የትም አልሄድም።»